ከመስመር ስለወጣችው እህቴና መስመር ስለሌለው ካርታዎ

ይድረስ ለክቡር የተራሮችና የእግር መንገዶች ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፤
ሦስተኛ ፎቅ፣ ምንጣፍ ያለው ክፍል።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ቁርጭምጭሚትዎ እንደምን እንደ ሰነበተ በትሕትና እጠይቃለሁ። ቁርጭምጭሚቱን ለይቼ ማንሣቴ ነገር ፍለጋ አይደለም፤ በእኛ ቤት ካለፉት ሰባት ሳምንታት ወዲህ የሰው ጤና የሚጠየቀው ከእግር ተጀምሮ ወደ ላይ ስለሆነ ልማድ ሆኖብኝ ነው። የቢሮዎ ወንበር ለወገብዎ እንዲመችዎ፣ አሳንሰሩም መንገድ ላይ ሳይቆም ሦስተኛ ፎቅ እንዲያደርስዎ፣ በእግር ከመውጣትም ሆነ በእግር ከመውረድ እንዲሰውርዎ ከልብ እመኛለሁ።

ክቡር ሆይ፣ እኔ በስልክ መሥሪያ ቤት ሠላሳ አራት ዓመት ምሰሶ ስወጣና ስወርድ፣ የተበጠሰ መስመር ስቀጥል ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ዛሬ ደግሞ የጡረተኞች የእግር ጉዞ ማኅበር ጸሐፊ የሆንኩ ሰው ነኝ። ማኅበራችን አሥራ አንድ አባላትና ሃያ ሁለት ጉልበቶች ያሉት ሲሆን ከጉልበቶቹ መካከል ድምፅ ሳያሰሙ የሚታጠፉት ቢበዛ ዘጠኝ ናቸው። መሪያችን ታላቅ እህቴ ናት። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረች መምህርት ስትሆን እኔ እትዬ እላታለሁ፤ ማኅበርተኞቹም ከእኔ ተውሰው፣ በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ፣ እትዬ ይሏታል። ስድስት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ቅዳሜ ቆጥራ ይዛን ወጥታ፣ ቆጥራ ይዛን ወርዳለች፤ አንድ ቀን እንኳ ቁጥሩ ጎድሎባት አያውቅም። ይህን የምታደርገውም ጽሕፈት ቤትዎ በሰጣት የመሪነት ፈቃድ ነበር፤ ፈቃዱ ግን አሁን በእርስዎ ጠረጴዛ ላይ ይገኛል፣ በሚመጣው ሐሙስም እስከ መጨረሻው እንዲሰረዝ ቀጠሮ ተይዞለታል። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ከዚህ ቀደም በግል የጻፍኳቸው ሦስት ደብዳቤዎች ጆሮ ዳባ ልበስ ስለተባሉ ብቻ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ውለታ ተውሎልን በጓዳ ማመስገን ነውር መስሎ ስለታየኝም ጭምር ነው።

ውለታው የተጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። ጽሕፈት ቤትዎ ለተራራ ተጓዦች የሚሆን የስልክ ካርታ ሊመርጥ መነሣቱን ሲያሳውቅ እሰየው ያላለ አልነበረም። ሦስት ፕሮግራሞች ለውድድር ቀረቡ፤ የማኅበራችንም ፍላጎት በጽሑፍ ተጠየቀ፤ ጸሐፊው እኔ ነኝና የፍላጎቱን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ። እትዬ በበኩሏ ሦስቱንም ስልኳ ላይ ጭና፣ ባለ ሠላሳ ሁለት ገጽ ደብተር ገዝታ፣ ስድስት ቅዳሜ ሙሉ ስትፈትናቸው ከረመች። የመጀመሪያው ቀለሙ የጭቃ ቢሆንም የከፍታ መስመሮቹ በየሃያ ሜትሩ ቁልጭ ብለው እንደሚታዩ፣ ተራራውን ገና ከቤት ሳንወጣ ስልክ ላይ አውርዶ ማስቀመጥ እንደሚቻል፣ በእርጥብ ጣት ሲነኩትም እንደሚታዘዝ፣ የሄዱበትን መንገድ እየመዘገበ ተመልሶ እንደሚያሳይ ጻፈች። ሁለተኛው ከከፍታ መስመሮቹ ጋር በጥላም እየለየ ሸለቆውንና ጉብታውን ጥሩ አድርጎ ቢያሳይም ባትሪ እንደሚበላ፣ ለረጅም ጉዞ እንደማይታመን ጻፈች። ስለ ሦስተኛው የጻፈችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት፤ “ያምራል፤ ተራራው ግን የት አለ?” ትላለች። አሸናፊው ሦስተኛው ሆነ።

እንግዲህ ምስጋናዬን፣ መልኩ ቅሬታ ቅሬታ ቢሸትም፣ በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ አመራረጡ። የምርጫ ኮሚቴው የነጥብ አሰጣጥ በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ ስለተለጠፈ መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። ለውበት አርባ፣ ለፍጥነት ሠላሳ፣ የጽሕፈት ቤቱ ዓርማ ጎልቶ ለመታየቱ ሃያ፣ ለእግረኛው ለሚሰጠው ጥቅም ደግሞ አሥር ነጥብ ተይዟል። እግረኛውን ጨርሳችሁ አለመዘንጋታችሁን ሳይ ልቤ ተነካ። ቀጥሎም የመስክ ሙከራ መደረጉን አነበብኩና ይበልጥ ደስ አለኝ፤ ደስታዬ የቆየው ሙከራው የተካሄደበትን ቦታ እስካነብ ድረስ ነው። ኮሚቴው “የመስክ ሙከራ” የሚለውን ቃል አክብሮ ሙከራውን ያደረገው በእውነተኛ መስክ ላይ፣ ከመሥሪያ ቤታችሁ ጀርባ ባለው የኳስ ሜዳ ነው። አምስት የኮሚቴ አባላት ስልካቸውን እያዩ ከአንዱ ጎል ተነሥተው ሌላኛው ጎል መድረሳቸውን፣ ፕሮግራሙም አንድም ሰው ሳያሳስት እንዳደረሳቸው በኩራት ተመዝግቧል። እኔ በበኩሌ ሁለቱ ጎሎች ፊት ለፊት ይተያዩ እንደነበር በትሕትና ከመጠየቅ በቀር የምጨምረው የለኝም።

ሁለተኛ፣ ስለ ካርታው መልክ። በምረቃው ዕለት አዳራሽ ተጠርተን ስለነበር የኮምፒውተር ባለሙያችሁ ካርታውን ግድግዳው ላይ አስፍቶ ሲያሳየን ነበርን። ተራራችን ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆኖ እንደ ተተኮሰ የጠረጴዛ ልብስ ተዘርግቷል። ባለሙያው፣ ካርታው አሁን ጸድቷል፣ ድሮ የነበሩት ጭረቶች በሙሉ ተወግደዋል ሲል አዳራሹ አጨበጨበ። እትዬ እንደ ተማሪ እጇን አወጣች፤ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀች፤ ከጭብጨባው በኋላም ጠበቀች፤ ዕድል ሳይሰጣት መርሐ ግብሩ ተጠናቀቀ። ጭረት የተባሉት የከፍታ መስመሮች ናቸው። ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። እትዬ ለልጆች ስታስተምር ግማሽ ድንች ሳፋ ውስጥ በሆዱ አስተኝታ ውሃ በጣት ውፍረት ልክ እየጨመረች፣ ውሃው በደረሰበት ሁሉ ድንቹን ዙሪያውን በእስክሪብቶ ታሠምርበት ነበር። ከዚያ ውሃውን ትደፋና ከላይ ወደ ታች እንዲያዩት ታደርጋለች፤ መስመሮቹ ተጠጋግተው የታዩበት ቦታ ገደል፣ ተራርቀው የታዩበት ደልዳላ ነው። ነገር ዓለሙ ይኸው ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምስጢር የለውም። የእናንተ ካርታ ገደሉንም ደልዳላውንም በአንድ ቀለም ቀብቶ ካበቃ በኋላ፣ ለማካካሻ ይሆን ዘንድ፣ ተጓዦች ለየቦታው ኮከብ እንዲሰጡ አድርጓል። የምሥራቁ ገደል አራት ኮከብ ተኩል አግኝቷል፤ ግማሿን የቀነሰው ሰው ምን ደርሶበት እንደሆነ አልተገለጸም።

ሦስተኛ፣ ስለ ኔትወርክ። ካርታው የሚሠራው ኢንተርኔት ሲኖር ብቻ ነው። ኢንተርኔት ያለው ከተማ ውስጥ ነው፤ ከተማ ውስጥ መንገድ የጠፋበት ሰው ደግሞ ዳቦ ቤቱን ይጠይቃል። ሁለተኛውን ኮረብታ ካለፍን በኋላ ስክሪኑ ቁራጭ ቁራጭ እየሆነ ይነጣል፣ መሐሉ ላይ አንዲት ክብ ነገር ትሽከረከራለች፣ እባክዎ ከኢንተርኔት ጋር ይገናኙ የሚል ትሕትና የሞላበት ቃልም ይወጣል። ከማኅበራችን አንዱ፣ ልብስ ሰፊ ስለነበረና ዛሬም መለኪያውን ከአንገቱ ስለማያወርድ ሜትሮ የምንለው፣ በጭንቅ ኔትወርክ ባገኘባት አንዲት ድንጋይ ላይ ቆሞ ካርታውን ቢከፍተው የይለፍ ቃሉ ጊዜው ስላለፈበት ስምንት ፊደላት፣ አንድ ቁጥርና አንድ ልዩ ምልክት ያለው አዲስ ቃል እንዲያስገባ ተጠየቀ። ምልክቱን ሲፈልግ ነፋስ ኮፍያውን ወሰደበት። ይህን ልናመለክት ቢሮዎ ብንመጣ፣ አራተኛው መስኮት ላይ ያለችው ልጅ፣ ቅሬታ የምንቀበለው በራሱ በካርታው በኩል ብቻ ነው አለችን። ገብተን ብንፈልግ ቅሬታ የሚል ቦታ የለም፤ ያለው “ምን ያህል ወደዱን?” የሚል ነው።

አራተኛ። ይህን ቅሬታ እትዬ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዛዋለች። ደብዳቤዬን አርማልኛለች፤ አራተኛው ስለ እርስዎ በግል የሚናገር ስለነበር፣ ሰውየውን አታውቀውም፣ ስለማታውቀው ሰው አትጻፍ አለችኝ። ቁጥሩን ግን ባዶውን ትቼዋለሁ፤ ምንም ያልተጻፈበት ቦታ ለጽሕፈት ቤትዎ እንግዳ አይሆንም ብዬ ነው።

አምስተኛ፣ ስለ መግቢያው በር። ካርታውን የሚወደው ሰው ሲጠፋ፣ መወደድን በመመሪያ ማምጣት እንደሚቻል ያሳዩን እርስዎ ነዎት። የጉዞ መሪዎች ከጸደቀው የስልክ ካርታ በስተቀር ሌላ ይዘው እንዳይገቡ፣ የወረቀት ካርታም ካላቸው ተራራው ሥር ባለው በር ላይ ለዘበኛው እንዲያስረክቡ ታዘዘ። የእትዬን ካርታ አያውቁት ይሆናልና ልንገርዎ። ድሮ ከምታስተምርበት ክፍል ግድግዳ የወረደ፣ እጥፋቱ በፕላስተር የተለጣጠፈ ወረቀት ነው፤ ቡናማዎቹ የከፍታ መስመሮች ላይ እሷ በስድስት ዓመት ውስጥ የደረመሰውን፣ የሚያንሸራትተውን፣ ውሃ የሚገኝበትን፣ አረፍ የሚባልበትን ድንጋይ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ አስፍራበታለች። ዘበኛው ደግ ሰው ነው፤ እማማ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ታዝዤ ነው እያለ እጁን ዘረጋ። እትዬ ሕግ አክባሪ ናትና ሰጠችው። ስትሰጠው ግን እንዳይቀደድባት አስተጣጠፉን አሳየችው።

የዚያኑ ዕለት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ እየተመለስን ሳለ፣ ጉም ወረደ። የቱ ጋ እንደቆምን የሚያውቅ አልነበረም። ስልኩ ለአፍታ ኔትወርክ አግኝቶ ዳግመኛ ከመንጣቱ በፊት የመጨረሻ ደግነቱን አሳየንና አንድ አቋራጭ አወጣልን፤ አራት መቶ ሜትር፣ ስድስት ደቂቃ ይላል። ርቀቱ እውነት ነበር፤ ያልነገረን ነገር ቢኖር አብዛኛው ወደ ታች መሆኑን ነው። እትዬ አሥር እርምጃ ያህል ከሄደች በኋላ ቆመች፤ መሬቱ አላማረኝም አለች። ሁላችንንም ባለንበት ቁጭ አስደረገችን። ሜትሮ ስድስት ደቂቃ እኮ ነው ብሎ ሲያጉረመርም፣ ከዚህ የተነሣ ሰው ከማኅበሩ ተሰናብቷል አለችውና ዱላዋን ይዛ፣ መሬቱን እየነካካች፣ ብቻዋን ወደ ፊት ሄደች። ከዚያ የሰማሁት የጠጠር ድምፅ ነው። አራት ሜትር ያህል ተንሸራታ አንድ ቁጥቋጦ ያዛት። ጉሙ ገለጥ ሲል ከቁጥቋጦው በታች ያለውን ገደል አየነው፤ ዕድሜዬን ምሰሶ ላይ የጨረስኩት ሰውዬ ያን ዕለት በሆዴ ተኝቼ ነው ወደ ታች ያየሁት። ቁርጭምጭሚቷ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር። ከታች ሆና መጀመሪያ የጠየቀችን፣ አሥራችሁም አላችሁ ወይ ብላ ነው።

ስድስተኛ፣ ስለ ምርመራው። አደጋውን የመረመረው ጽሕፈት ቤትዎ ነው፤ ካርታውን የመረጠውም፣ መመሪያውን ያወጣውም እሱው በመሆኑ ሥራው ሳይበታተን አንድ ቦታ መቆየቱ ደስ ያሰኛል። ውጤቱ አንድ ገጽ ነው። ካርታው ምንም ጉድለት እንዳልነበረበት ተረጋግጧል፤ የተረጋገጠውም በዚያው ኳስ ሜዳ ላይ ዳግመኛ ተፈትኖ ነው። አደጋው የደረሰው ደግሞ “የጉዞ መሪዋ ከመስመር በመውጣታቸው” እንደሆነ ተገልጿል፤ ስለዚህም ፈቃዳቸው ይታገድ፣ ቀጥሎም ይሰረዝ ይላል።

ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አልቆጠርኩም። ከመስመር ወጡ። ከየትኛው መስመር፣ ክቡር ሆይ? ካርታችሁን አገላብጬ፣ በጣቶቼ አስፍቼና አጥብቤ፣ የልጅ ልጄ ያስለመደኝን ዘዴ ሁሉ ሞክሬ ፈልጌዋለሁ። አንድ መስመር አግኝታችሁ ብታሳዩኝ ከእሱ መውጣቷን እኔው ራሴ ቀርቤ እመሰክርባታለሁ። ሠላሳ ዓመት ስታስተምር አንድ ቀን ያላረፈደች፣ ሰልፍ ላይ ሰው የማትቀድም፣ የዘበኛ ትእዛዝ ሳትከራከር የምትፈጽም ሴት ከመስመር ወጣች ተባለች። ቃሉን ያነበበችው ሐኪም ቤት አልጋ ላይ ሆና ነው። ወረቀቱን አጥፋ ትራሷ ሥር አደረገችው። እኔ ግን ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ፤ ይህን መጻፍም አያሳፍረኝም።

እስካሁን የቆጠርኩት የእናንተን ነው። አሁን ደግሞ የራሴን ልናገር፤ ምክንያቱም ከመስመር የወጣ ሰው ከተፈለገ ያለሁት እኔ ነኝ። ኮሚቴው የከፍታ መስመር የሌለውን ካርታ ለምን እንደመረጠ ለማወቅ አምስት ጊዜ ተመላልሼ የቃለ ጉባኤው ቅጂ ተሰጠኝ። ገጽ ሦስት ላይ፣ “የተጠቃሚዎች ማኅበር ያለ መስመር የሚሠራ ካርታ እንደሚፈልግ በጽሑፍ ያረጋገጠ ስለሆነ፣ መስመር ያለባቸው ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ውድቅ ሆነዋል” ይላል። የተጠቃሚዎች ማኅበር የተባልነው እኛ ነን። ጽሑፉም የእኔ ነው።

እኔ የስልክ ሰው ነኝ። በእኔ አፍ መስመር ማለት የስልክ መስመር ነው፤ መስመር አለ፣ መስመር የለም፣ መስመር ተቆረጠ እያልኩ ነው ጸጉሬ የሸበተው። ያለ መስመር የሚሠራ ብዬ ስጽፍ ኔትወርክ በሌለበት የሚሠራ ማለቴ ነበር። ቃሉ ከእኔ ጠረጴዛ ተነሥቶ የእናንተ ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ መስመር ማለት ካርታው ላይ የተሠመረው ሆነ። እናም እንዲኖር የምንፈልገውን አጥፍታችሁ፣ እንዳያስፈልገን የለመንነውን የግድ አድርጋችሁ፣ በሁለት ቃል ሁለት ጊዜ ተሳሳታችሁልን። የመጀመሪያው ስሕተት የእኔ ነው፣ አልክድም። ሆኖም ጉዳዩ አምስት አባላት ባሉት ኮሚቴ ፊት ሁለት ወር ሲቀመጥ፣ አንድ ሰው ስልክ አንሥቶ፣ አባባ ምን ለማለት ፈልገው ነው ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ቁጥሬ ወረቀቱ ግርጌ ላይ ተጽፏል፤ መስመሩም ይሠራ ነበር።

ይህን ለእትዬ መንገር ነበረብኝ። ሁለት ቀን ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ቃለ ጉባኤውን ከእኔ ወረቀት ጋር አልጋዋ ላይ አኖርኩና መስኮት መስኮቱን ማየት ጀመርኩ። ጨርሳ አነበበች። ቀይ እስክሪብቶዋን እንዳቀብላት ጠየቀችኝ፤ “ያለ መስመር” በሚሉት ሁለት ቃላት ሥር አሠመረች፣ ዳር ላይ “አሻሚ” ብላ ጻፈች፣ ግማሽ ነጥብ ቀነሰችብኝ። ከዚያ ሻይ አፍላልኝ አለች። ከጽሕፈት ቤቱስ ስንት ቀነስሽ ብላት፣ እነሱ ገና ደብተራቸውን አላስረከቡም አለችኝ።

ስለዚህ ልመናዬ ብዙ አይደለም። በምርመራው ወረቀት ላይ ከመስመር የወጣ ሰው ስም የግድ መግባት ካለበት የእኔ ይግባበት፤ ለጸሐፊነት ፈቃድ ስለማይሰጥ የምትሰርዙብኝ ነገር ባለመኖሩ ግን አዝናለሁ። ካርታው ላይ የከፍታ መስመሮች ይመለሱ፤ ካርታውም ኔትወርክ በሌለበት ይሥራ። ይህን ዓረፍተ ነገር እትዬ ሁለት ጊዜ አይታ አሻሚ አይደለም ብላለች። ፈቃዷ ደግሞ ከሐሙስ በፊት ይመለስላት። ሐኪሟ ከአንድ ወር በኋላ ያለ ክራንች ትራመዳለች ብሏል። የተራራ ጫማዋን አሳጥባ በሩ ሥር አስቀምጣዋለች። ማኅበርተኞቹ ያለ እሷ አንወጣም ስላሉ ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ከነዱላቸው ቤታችን እየመጡ ሳሎን ይቀመጣሉ፤ እሷም እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ፣ የሰማናት ሳይመስላት፣ በሹክሹክታ ትቆጥረናለች። አሥር ላይ ስትደርስ ታቆማለች፤ አሥራ አንደኛዋ እሷ ናት። ይህን ማየት ከብዶኛል፣ ክቡር ሆይ፤ ሌላው ቀልዴ ሁሉ ከዚህ ለመሸሽ ነው።

ስለ አረንጓዴው ቀለም፣ ስለ ኮከቦቹ፣ ስለዚያች ሳትታክት ስለምትሽከረከር ክብ ነገር ያለኝ ምስጋና እጅግ ከፍ ያለ ነው፤ ምን ያህል ከፍ እንዳለ በካርታዎ ላይ ሊያዩት ስለማይችሉ በቃሌ እንዲያምኑኝ እጠይቃለሁ።

ኔትወርክ ቢኖርም ባይኖርም የማይቋረጥ አክብሮቴን እያረጋገጥኩ፣
የሰው ሁሉ መስመር ሲቀጥል ኖሮ በገዛ ቃሉ የተጠለፈው፣
የጡረተኞች የእግር ጉዞ ማኅበር ጸሐፊ፣
የእትዬ ታናሽ ወንድም።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህችን የጨመርኳት እትዬ ደብዳቤውን አርማ ከመለሰችልኝ በኋላ ነው። በር ላይ የቀረው የወረቀት ካርታዋ እንዲመለስላት ጠይቀን፣ ተፈልጎ አልተገኘም የሚል መልስ በክቡርነትዎ ፊርማ ደርሶናል። ባለፈው እሑድ ሜትሮ ነፋስ የወሰደበትን ኮፍያ ፍለጋ ተራራ ወጥቶ ነበር። ኮፍያውን አላገኘም፤ ለሽርሽር የወጡ የጽሕፈት ቤትዎን ሠራተኞች ግን ጉም ውስጥ በሰልፍ ሲወርዱ አገኛቸው። ከፊት ሆነው የሚመሯቸው እርስዎ ነበሩ፤ ስልክዎ ኪስዎ ውስጥ ነበር፣ በእጅዎ የያዙት በፕላስተር የተለጣጠፈ፣ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈበት ወረቀት ነበር። አቋራጩ ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው ወረቀቱን አዩና ሰዎቹን ሁሉ በግራ በኩል አዞሯቸው። እዚያ ቦታ ላይ ቡናማዎቹ መስመሮች ጸጉር እንኳ የማያሳልፉ ሆነው ተጠጋግተዋል፤ ማንበብ ይችላሉ ማለት ነው። ለእትዬ ስነግራት ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ሁሉም በሰላም ወረዱ ወይ፣ ካርታውንስ በትክክል አጠፉት ወይ። ሁሉም ወርደዋል አልኳት፤ ስለ አስተጣጠፉ አላውቅም። ክቡር ሆይ፣ እግርዎን ያተረፈችልዎ ሴት ፈቃድ ጠረጴዛዎ ላይ ነው፤ የቀረው አንድ ፊርማ ነው። የሚፈርሙበት ቦታ መስመር ተሠምሮለታል፤ ከመስመር እንዳይወጡ አደራ።